የጉም መብራት የሚመርጠው ሰው

ይቺ ወንበር ሰው አላት እንዴ? … እንግዲያው ልረፍባት። እግዜር ይስጥሽ። አይ፣ ውሃም አልፈልግ፤ እንዲሁ እግሬን ላሳርፍ ብዬ ነው። ሱቅሽ እንዴት ደስ ይላል! እውነቴን ነው። የመኪና ዕቃ መሸጫ እንዲህ ጸድቶ አይቼ አላውቅም፤ ሌላው ጋ ደርሼ ስመለስ ቀሚሴን ሁለት ጊዜ ነው የማጥበው። አንቺ ጋ ብሎኑ በመጠኑ፣ ፊውዙ በቀለሙ፣ የዝናብ መጥረጊያው ላስቲክ እንኳ በቁመቱ ተሰልፎ…። አንቺው ራስሽ ነሽ የምትደረድሪው? … ታዲያስ! ያስታውቃል እኮ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ከደብተር መሸጫው በላይ፣ መስኮቷ ወደ መንገድ የሆነ አንዲት ክፍል አለችኝ። ከፊት የስፌት መኪናዬ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዬ። ዓመቱን ሙሉ ያው ሰማያዊ ጨርቅ፣ ያው ኮሌታ፣ ያው ሁለት ኪስ። ስለዚህ መምረጥ የሚባለውን ነገር አልተማርኩትም። መምረጥ የሚችል ሰው ሳይ እንዴት እንደምቀና አትጠይቂኝ። ይኸው እንደዛ ደንበኛሽ…። ያ፣ ባንኮው ጫፍ ላይ፣ በአንድ እጁ ቢጫ በአንድ እጁ ነጭ መብራት ይዞ የቆመው። እኔ ሜትሬን ፍለጋ ስዘገይ እሱ ቀድሞኝ ነው የመጣው። ከመጣ ስንት ሰዓት ሆነው? … ሁለት ሰዓት ሊሞላ? በቁሙ? እኔ ብሆን ክንዴ ይዝል ነበር።

እኔና እሱ? … አይ፣ የሥራ ነው እንጂ ሌላ ምን አለን! ልብስ ሊያሰፋኝ ነው። ለራሱ አይደለም፤ ለመብራቶቹ። አትሳቂ እንጂ! መርጦ ሲጨርስ ለክቼ ሽፋን እሰፋላቸዋለሁ፤ ወፍራም፣ ገበር ያለው፣ ጉም ሲመጣ የሚለብሱት። ርጥበት እንዳይገባቸው ነው። … አዎ፣ የጉም መብራቶቹ። … አዎ፣ ጉም ሲመጣ ይሸፈናሉ። እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ፣ የታዘዝኩትን ነው የምሰፋው። ምን አልሽ? … አፍንጫችን ይመሳሰላል? እንግዲህ አፍንጫ የሌለው ሰው የለም።

እሱን ሳየው ግን አንድ የማውቀው ሰው ትዝ ይለኛል። አንቺ አታውቂውም። … ኧረ በጭራሽ፣ እዚህ ሰፈር ዝር ብሎም አያውቅ! ስለ ሌላ ሰው ነው የማወራሽ፤ ደንበኛሽ ጆሮውን ማቅናት አያስፈልገውም፣ ሥራውን ይቀጥል። ይሄ የማውቀው ሰው እንግዲህ አሳቢ ነው። እኔና አንቺ ከቤት ስንወጣ በሩን ከፍተን እንወጣለን አይደል? እሱ መጀመሪያ ስለ በሩ ያስባል። ልጆች ሆነን… ልጅ ሆኖ ማለቴ ነው፣ የቱን እግር ጫማ ላስቀድም ብሎ ሲያስብ ትምህርት ቤት ይለቀቅ ነበር። እናቱ ታዲያ «ተዉት፣ ይሄ ልጅ የሚያስበው ነገር ቢኖረው ነው» ትል ነበር። ዛሬም እሱኑ ነው የምትለው። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልቀየረችም።

ሥራው የመስኮት መስታወት መግጠም ነው። እጁ ወርቅ ነው፣ ይሄን ማንም አይክደውም። አንድ ነጭ ፒክአፕም አለችው። እናቱ የምትኖረው ግን እዚህ አይደለም፤ ላይ፣ የወተት ላሞቹ መንደር ነው። ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር፣ ሁሉም ዳገት፣ ሁሉም ጥምዝምዝ። ሚኒባስ አይወጣውም። በቀን አንዴ የወተት መኪና ጠዋት ወጥቶ ቀትር ላይ ይወርዳል፤ በቃ፣ ሌላ የለም። ታዲያ አንድ ቀን እናትየው ደወለችለትና «ልጄ፣ ዓይኔ ደከመኝ፤ ሐኪም ጋ ብታደርሰኝ» አለችው። ይሄ የሆነው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ኮሌታዎች ስቆርጥ ስለነበር አልረሳውም። … ዛሬማ ልጆቹ የዓመቱን ፈተና ጨርሰው ተበትነዋል።

እስቲ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? … አዎ፣ ቁልፉን አንስተሽ ውልቅ። ችኩል ነሽ ማለት ነው! እሱ ግን መንገዱን አሰበ። ያ መንገድ ጉም ይበዛበታል። እናትን የሚያህል ሰው፣ በጉም ውስጥ፣ ያለ ጉም መብራት? እህት አለችው፣ አፏ የማያርፍ፣ ሁሉ ነገር ቀላል የሚመስላት ሴት። «እኔ በወተት መኪናው ሄጄ ላምጣት» ብትለው ዓይኑ ደም ለበሰ። «እናቴ እንደ ወተት ጣሳ ተጭና አትወርድም! ራሴ ነኝ የማመጣት፣ ፊት ወንበር አስቀምጬ። መብራቱን ላስገጥም ብቻ!» አላት። እንዴት ያለ የሚያኮራ አነጋገር ነው፣ አይደለም? እህትየውም ኮራችና ዝም አለች። ዝም ማለቷ አሁን ድረስ ያንገበግባታል። ልብስ ሰፊ ሆና ቀዳዳ ማየት ካቃታት፣ ምኗ ልብስ ሰፊ ነው?

እናልሽ መብራት መምረጥ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ቢጫ፣ ክብ ነበሩ። ተገጠሙ። እኛ ሁላችን «ተመስገን፣ ነገ እማማ ትመጣለች» አልን… ሰፈሩ ማለቴ ነው፣ ሰፈሩ እንደዛ አለ። በማግስቱ አንድ ሰው መንገድ ላይ «ነጩ ሳይሻል አይቀርም» ብሎት አለፈ። ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ሰውዬውም የተናገረውን ረስቶት ይሆናል። ቢጫዎቹ ወረዱ፣ ነጮች ተገጠሙ። ነጮቹ ደግሞ አራት ማዕዘን ስለሆኑ ሌላ ቀዳዳ ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ ረዣዥሞቹ መጡ፣ ከዚያ ትንንሾቹ፣ ከዚያ መሐላቸው ሰማያዊ የሚሉት። ስምንት ጥንድ! የመኪናዋ ፓራውልት፣ የፊት መከላከያው፣ ተበሳስቶ ተበሳስቶ ነፋስ ሲመጣ በቁሙ ያፏጫል። ሰፈሩ አሁን ዝናብ መምጣቱን የሚያውቀው በዚያ ፉጨት ነው፤ ሴቶቹ ሰምተው ያሰጡትን ልብስ ያነሳሉ። ጥቅም የለውም እንዳትዪ።

መኪናዋማ ቆመች። እንዴት ትሂድ? ባትሪዋ ሳሎን ነዋ። … ሳሎን፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ። ለሙከራ ነው። መብራት ሳይፈተን ይገዛል እንዴ? እዚህ ከተማ ደግሞ ጉም በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ስለዚህ ጉም ቤት ውስጥ ተሠራ። ሚስቱ አራት ትልልቅ ድስት ውሃ ታፈላለች፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ በሩ ስር ፎጣ ይወተፋል፣ ሳሎኑ በእንፋሎት ይሞላል። ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ግድግዳው ጋ ይቆማሉ። እሱ ከወዲያ መብራቱን ይዞ ወደ ኋላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ… «አየኸን?» «አላየኋችሁም!» «አሁንስ?» «ማናችሁ የሳላችሁት?» ሁሉም በደብተር ይጻፋል፦ ቢጫው፣ ትንሿን ልጅ በአምስት እርምጃ፤ ነጩ፣ ትልቋን በአራት ተኩል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትዝ ሲለው ትንሿ ቢጫ ሹራብ ለብሳ ነበር ለካ። በቃ፣ ውጤቱ ሁሉ ተሰረዘ፣ ድስቶቹ እንደገና ተጣዱ።

የሠርጋቸው ፎቶ ከነፍሬሙ ተጨማደደ። ሚስቱ ታዲያ ምን የመሰለች ሴት ናት መሰለሽ፣ አንድ ቃል አይወጣትም። በዚያ ሁሉ እንፋሎት ፊቷ ጠርቶ ጠርቶ ጎረቤቶቿ የምን ቅባት ነው የምትቀቢው እያሉ ያስጨንቋታል። ምን ብላ ትንገራቸው? «ባሌ እናቱን ሊያመጣ ነው» ትላቸዋለች። እነሱም ቅባቱን ደበቀችን ብለው ተቀየሟት።

አንድ ቀን ግን እውነተኛ ጉም መጣ። እዚሁ ከተማ፣ ጠዋት፣ ወፍራም፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት የማይታይበት። አስቢው እስቲ! ስንት ወር ድስት ያስጣደው ነገር በነጻ ከበሩ ደረሰ። እህትየው ገና በመስኮት ስታየው «ዛሬስ ተንቀሳቀሰ!» ብላ ደረጃውን በሩጫ ወርዳ ቤቱ ሄደች። ምን ላይ ደረሰችበት መሰለሽ? … ከአልጋው ላይ ብርድ ልብሱን ገፎ መብራቶቹን እየሸፈነ። «ምነው?» ብትለው «ርጥበት ይገባቸዋል» አላት። የሽፋኑ ሐሳብ እንግዲህ የመጣው ያን ዕለት ነው። ደንበኛሽስ ከየት አምጥቶት ይሆን? አሳቢ ሰዎች ሐሳባቸው ይገናኛል ማለት ነው።

እናቱን ረሳ እንዳትዪ ብቻ! በዚህስ አይታማም። በየማለዳው ይደውልላታል፣ አንድ ቀን አላጓደለም። «እማዬ፣ ጉሙ እንዴት አደረ?» … አዎ፣ ሰላምታው ይሄ ነው። እሷም «አለ ልጄ። ዛሬም አለ» ትለዋለች። «ወፍራም ነው ቀጭን?» «ወፍራም ነው። የበሩ መቃን አይታየኝም።» ይጽፋል። «ከሰዓትስ ይነሣል?» «አይነሣም ልጄ፤ እንዳለ ውሎ እንዳለ ይመሻል።» ይጽፋል። በጋው ገባ፣ እዚህ አስፋልቱ ይቀልጣል፣ እዛ ጉም! «እማዬ እኩለ ቀንም አለ?» «እኩለ ቀንም አለ የኔ ጌታ፣ እንዲያውም ብሷል።» እየባሰ ሲሄድማ እሱም እየጠነከረ ሄደ፤ ስድስተኛው ጥንድ ከአምስተኛው፣ ሰባተኛው ከስድስተኛው የባሰ የሚያበራ። ሁለት መቶ ሰባ አንድ ቀን ያልተነሣ ጉም፣ ቀን በቀን፣ በቆንጆ እጅ ጽሕፈት። የአየር ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች ያንን ደብተር ቢያገኙ ምን ይሉ ይሆን?

ታዲያ በዚያ ሁሉ ቀን «ዓይንሽስ እንዴት ነው?» አላላትም። አንድ ቀንም። ምን ብሎ ይጠይቃት? የዓይን ነገር የሐኪም ሥራ ነው፣ እሱ ደግሞ በሰው ሥራ አይገባም። ጨዋ ነው አልኩሽ።

እንግዲህ እህትየው፣ ያቺ ችኩሏ፣ ባለፈው ወር የዩኒፎርሙ ሥራ ሲቀዘቅዝላት ለማንም ሳትናገር የወተት መኪናው ላይ ወጣች። ያ መኪና የቀኝ መብራቱ በሽቦ ታስሯል፣ የግራው ቦታ ጨርቅ ተወትፎበታል፣ በበሩ በኩል አስፋልቱ ይታያል። እንዴት ያለ አደጋ! ሾፌሩን «ጉም ሲኖር እንዴት ነው የምታየው?» ብላ ጠየቀችው። ምን ብሎ ቢመልስላት ጥሩ ነው? «ቀስ ብዬ ነዋ» አላት። … ሳቂ፣ ሳቂ። ደብተር የሌለው ሰው መልሱ ይሄው ነው። ዘጠኝ ዓመት ቀስ ብሎ ሲወጣና ሲወርድ አንድ ጣሳ ወተት አልደፋም።

ላይ ስትደርስ ረፋድ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰማዩ ላይ ጥፍር የምታህል ደመና የለም፤ ከዚያ መንደር ቁልቁል ይሄ ከተማ ጭስ ማውጫው ሳይቀር ይቆጠራል። ላሞቹ ሁሉ ከጥላ ስር ገብተዋል። እናቴ… እናትየው በሩ ላይ ተቀምጣለች፣ ፀሐዩ ፊቷ ላይ ወርዶባት። የእግር ኮቴ ሰማችና ቀና አለች። «ማነሽ? ተጠንቀቂ የኔ ልጅ፣ ጉሙ ወፍራም ነው፤ ደረጃው አይታይሽም» አለች።

… ያንን ውሃ አሁን ብትሰጪኝ። አዎ። … ተባረኪ።

ሞራ ነበር እህቴ። የዓይን ሞራ። ጉሙ ሰማዩ ላይ አልነበረም። ሁለት መቶ ሰባ አንድ ቀን ሙሉ ጉሙ እንዴት አደረ ተብላ ስትጠየቅ ያየችውን እውነቱን ነው የተናገረችው። እሱም እሱኑ ጉም የሚያሸንፍ መብራት ሲፈልግ…። እኔ እንደዚህ ያለ ነገር ሰምቼም አላውቅ። አንቺስ?

ምን ወደቀ? … ነጩ? ኧረ ተሰበረ! አይዞህ የኔ ወንድም፣ ምን አስደነገጠህ? የምናወራው ስለማታውቀው ሰው ነው። … ተይው፣ እሱ ራሱ ይለቅመዋል፤ መስታወት መልቀም ያውቅበታል… ይመስላል፣ ይመስላል ማለቴ ነው፣ ከእጁ አያያዝ ያስታውቃል።

እና እህትየው ያኔውኑ ሾፌሩ አጠገብ አስቀምጣት አወረደቻት። ፊት ወንበር ነው የተቀመጠችው፣ ጣሳዎቹ ከኋላ። መንገዱን ሙሉ ምን ስትል እንደነበር ልንገርሽ? «እንዴት ያለ ጎበዝ ሾፌር ነው፣ በዚህ ጉም!» ሾፌሩም ቅን ሰው ስለሆነ «ቀስ ብለን እንደርሳለን እማማ» ይላታል፣ በዚያ በጠራራ ፀሐይ። እህትየው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው የወረደችው።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፤ ወጣት፣ የሚያወራው በቀስታ። ሁለቱንም አያት። «የቀኙ ይገፈፍና ታያለች» አለ። ተገፈፈላት፣ አየች፣ ተመስገን ነው። «የግራው ግን ሞራው ቆይቶ ቆይቶ ውስጡን ጎድቶታል፤ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ…» አለና ወረቀቱን አገላበጠ። እህትየው «ቀደም ማለት ምን ያህል?» አለች። አለመጠየቅ ትችል ነበር፣ አፏ አያርፍም ብዬሽ የለ? «ስድስት ወር፣ ሰባት ወር» አላት። ስድስት ወር ማለት እንግዲህ አምስተኛው ጥንድ ላይ ነበሩ። ሰማያዊ የሚሉት።

እኔ የምልሽ፣ መብራት በነጠላ ይሸጣል? … አይሸጥም? አንዱ ቢሰበርም ሁለቱን ነው የሚገዛው? ያም የማውቀው ሰው እንዲሁ ነው የሚለው፤ «ጥንድ ካልሆነ አያምርም፣ አንዱ ሲሄድ ሁለቱንም ነው መቀየር» ይላል። ዓይንም እንደዚያ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር! አንቺ ሱቅ ቢኖር እኔው እራሴ መርጬ እገዛላት ነበር፣ ያውም በአምስት ደቂቃ፣ ያውም ቀለሙን ሳላይ። ተናደድኩ እንዴ? … ይቅርታ፣ ድምፄ ከፍ አለ። አዎ ተናድጃለሁ። በሷ ቦታ ሆኜ… በእህትየው ቦታ ማለቴ ነው፣ በእናቴ ዓይን ሲቀለድ ብናደድ ይፈረድብኛል?

እናትየው ግን ታውቂያለሽ ምን አለች? «አንዱ ይበቃኛል። በዚህ ዕድሜዬ ምን ልለቅምበት?» አለች። ቀጥላ ደግሞ እህትየውን እጇን ይዛ አስማለቻት። «ወርጄ መታከሜን ለሱ እንዳትነግሪው። ስንት ወር ለፍቶልኝ፣ ሳይጨርስ ቀድሜው ብወርድ ያፍራል። መብራቱን ይጨርስ፣ እመለስና እሱ ያውርደኝ» አለቻት። … አዎ! በአንድ ዓይኗ ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ተመልሳ እንደ አዲስ ልትወርድለት! እህትየውም ማለች። የማለ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? ዝም ይላል። ይኸው ዝም ብላለች። ለሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ አንቺ ምስክር ነሽ።

እና አሁን እናትየው የት ናት መሰለሽ? ከመጋረጃው ጀርባ። የልብስ ሰፊዋ… የእህትየው አልጋ ላይ። ሦስት ሳምንት ሆናት። ስልኳንም ይዛ ነው የመጣችው፤ እሱም እንደወትሮው በየጠዋቱ ይደውልላታል፣ እሷም ፋሻዋን እንደታሰረች «አለ ልጄ፣ ዛሬም አለ» ትለዋለች፤ ውሸትም አይደል። ከዚያ ፋሻው ተፈታ። ዛሬ ጠዋት እንግዲህ ስልኳ ጮኸ። «እማዬ፣ ጉሙ እንዴት አደረ?» ድምፁ ግን በሁለት በኩል ነው የሚሰማው፤ በስልኩና በመስኮቱ። ለካ ሜትር ይዘሽ ነይ ብሎ ለእህቱ ሊነግራት መጥቶ፣ ከመስኮቱ ስር አስፋልቱ ላይ ቆሞ ነው የሚደውለው! እናትየው ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች በጣቶቿ ጫፍ ተራምዳ መስኮቱ ጋ ደረሰች፣ መጋረጃውን እንዲህ በስሱ ገለጥ አድርጋ፣ በዚያች በአንድ ዓይኗ ቁልቁል አየችው። ከዓመት በኋላ ማየቷ ነው። እሱ ታች «እማዬ? እማዬ ትሰሚኛለሽ? ጉሙስ?» ይላል። «ተነሣ ልጄ፣ ዛሬ ጥርት ብሏል» አለችው። «ተነሣ?! እርግጠኛ ነሽ? እንግዲያው ነጩ ነው የሚያዋጣኝ!» አለና ዘጋው። ደስ ብሎታል። እየተቻኮለ ሲሄድ መታጠፊያው እስኪሰውረው ተከተለችው በዓይኗ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ «ከስቷል። ማሰብ ነው የጎዳው» አለች።

… ደንበኛሽ ምነው ጀርባውን ሰጠን? ያቺኑ አንዷን ቢጫ መብራት በእጅጌው ይወለውላታል፣ ይወለውላታል። ኧረ ንጹሕ ናት በይው፤ ይሄ ሱቅ ዕቃው ሁሉ ንጹሕ ነው። ዓይኑም ውስጥ አቧራ ሳይገባበት አልቀረም፣ እያሻሸ ነው። እኔ እንዲያው ዝም ብዬ ነው የማወራው፣ ክፉ ልብ የለኝም። ያንን ሰው እወደዋለሁ እኮ። አንድ ጡት ነው የጠባነው… ጎረቤት ነበርን ለማለት ነው። ባልወደውማ ፊት ለፊት ሰድቤው ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር፣ አንቺንም አላስቸግርሽም።

በይ ልነሣ። እማማ ብቻዋን ናት፤ መድኃኒቷን በየሦስት ሰዓቱ ነው የምጨምርላት፣ ጊዜ አይሰጥም። ሽፋኑንም እሰፋለታለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው፤ ገበሩን ወፍራም አድርጌ። ልኬቱን አንቺ ወረቀት ላይ ጻፊልኝ፣ ስመለስ እወስደዋለሁ። የቱን እንደሚገዛ ዛሬ ካልታወቀም ግድ የለም፣ ሁለቱንም ለኪልኝ።

ያ የማውቀው ሰው ደግሞ አንድ ቀን እዚህ ከመጣ ምርቃት አለኝ፣ ከልቤ ነው፣ አድርሺልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጠው በይው። ከእናቱ ዕድሜ ያስበልጠው፣ ጥርሱ ረግፎ ጉልበቱ እስኪከዳው ያኑረው። ቤቱ አይጉደል፣ እጁም አይዛል። እነዚያ ሁለት ሴቶች ልጆቹ ይደጉለት፣ ይማሩለት፣ ጥሩ ጥሩ መኪና ይያዙ። እሱም ሸምግሎ፣ ብቻውን የሆነ ዕለት፣ «ልጆቼ፣ ደከመኝ፣ ኑልኝ» ብሎ ሲደውልላቸው… ልክ እሱ ለእናቱ እንዳሰበላት አድርገው ያስቡለት። አሜን በይ እንጂ።